ባለ 216 ፍሬውን ሳጥን ልግዛ ወይስ አንድ በአንድ ልሰብስብ?

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ሰላም ነዎት? የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። በፈረንጅ 2002 የተሠራች ቪትዝ አለችኝ። ዘይት፣ ካንዴላ፣ የፍሬን ሸራ የመሳሰለውን ግቢዬ ውስጥ ራሴ ልሥራ ብዬ ወስኛለሁ። አንድ ሱቅ ውስጥ ባለ 216 ፍሬ የመፍቻ ሳጥን አይቼ ዓይኔን ጥዬበታለሁ። እሱን ገዝቼ ልገላገል ወይስ አንድ በአንድ ልሰብስብ? ከምን ልጀምር? ያገለገለ ዕቃስ ያዋጣል?»

አብሽር ወንድሜ። ገንዘብህን ከማውጣትህ በፊት መጠየቅህ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ከገዛ በኋላ ነው።

መልሱን ላስቀድምልህ። ሳጥኑን አሁን አትግዛው። መጀመሪያ መኪናዋን አንስቶ የሚይዝልህን ዕቃ ግዛ። ቀጥሎ ብሎኑን የሚነካውን ዕቃ ግዛ፤ ትንሽ ይሁን፣ ግን ጥሩ ይሁን። ሌላውን ሥራው ራሱ ይጠራዋል። እኔ ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ዛሬ ሁለት ትልልቅ ሳጥን ሙሉ ዕቃ አለኝ። አንድም ቀን ግን በጅምላ ገዝቼ አላውቅም። አብዛኛውን ዕቃ ያስገዛኝ መኪና የትኛው እንደነበር እስካሁን አስታውሳለሁ።

ራስህ ለመሥራት መወሰንህ ልክ ነው። መንግሥት በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ቪትዝህ በቀላሉ የምትተካ ዕቃ አይደለችም። እንደ ጥገት ላም ነው የምትያዘው። ብሩም ሐምሌ 2016 ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የዕቃ ዋጋ አንድ ቦታ አልቆም ብሏል። ስለዚህ ይህን ያህል ብር ያዝ ብዬ አልጽፍልህም። ዛሬ የጻፍኩት ለከርሞ ያሳስትሃል። የምነግርህ ቅደም ተከተሉን ነው።

ከክሪክ እንጀምር።

ደሴ የዳገት ከተማ ናት። ደልዳላ ግቢ ያለው ሰው ታድሏል። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የምሠራበት ጋራዥ ግቢው ወደ መንገዱ ያዘነበለ ነበር። አንድ ዶልፊን ሚኒባስ መጣ። ኋላውን ከዲፈረንሻሉ ስር በዘይት ክሪክ አነሳነው። እጅ ፍሬኑ ተይዟል ብለን ጎማዎቹ ስር ታኮ አላደረግንም። እጅ ፍሬን የሚይዘው የኋላ ጎማዎችን ነው። ሁለቱም ከመሬት ከተነሱ መኪናውን የሚይዝ ምንም ነገር የለም። ሚኒባሱ ቀስ ብሎ ወደፊት ተንቀሳቀሰ። ክሪኩ ዘመም አለ። ከዚያ ወደቀ። ስሩ ተኝቶ ሲሠራ የነበረው ጓደኛዬ «17 ቁልፍ ላምጣ» ብሎ ከወጣ ግማሽ ደቂቃ አልሞላውም ነበር። አቧራው ሲረጋ ከመኪናው ስር የሱ ሸበጥ ይታየኛል። እሱ ቁልፉን እንደያዘ በባዶ እግሩ ከኋላዬ ቆሟል። ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ አልተናገርንም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ታኮ ሳላደርግ መኪና አንስቼ አላውቅም። የፊቱን ስታነሳ የኋላ ጎማዎችን፣ የኋላውን ስታነሳ የፊት ጎማዎችን ግራና ቀኝ አስታክክ። ማርሽ ውስጥ አስገባት፤ አውቶማቲክ ከሆነች ፒ ላይ አድርጋት። ታኮ መግዛት አያስፈልግህም። አናጺ ዘንድ ሄደህ ወፍራም ደረቅ እንጨት በሽብልቅ ቅርጽ አስቆርጥ፤ አራት ይሁኑልህ።

ከመኪናዋ ጋር የመጣው እንደ መቀስ የሚከፈተው ክሪክ የተሠራው መንገድ ላይ ጎማ ለመቀየር ነው። ለዚያ ተወው። ለግቢህ ባለ ጎማውን፣ ረጅም እጀታ ያለውን የዘይት ክሪክ ግዛ። ባለ 2 ቶኑ ይበቃሃል፤ ቪትዝ ክብደቷ 900 ኪሎ ገደማ ነው። ቀጥ ብሎ የሚቆመውን፣ ጠርሙስ የሚመስለውን ክሪክ ብዙ ሰው በርካሽነቱ ይወስደዋል። ለአይሱዙና ለሃይሉክስ መልካም ነው። ቪትዝ ግን ዝቅ ያለች ናት፤ ስሯ አይገባልህም።

ክሪክ ማንሻ እንጂ መያዣ አይደለም። ውስጡ ያለው ጎሚኒ ከለቀቀ ዘይቱ ይመለሳል፤ መኪናዋም ትወርዳለች። ሳትነግርህ ነው የምትወርደው። ስለዚህ ከክሪኩ ጋር ሁለት የብረት መደገፊያ ስታንድ በአንድ ቀን ግዛ። ክሪኩን ዛሬ፣ ስታንዱን ሲደላኝ የሚባል ነገር አይሠራም። ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ፣ እስኪበቃ ድረስ ከመኪና ስር የማያስገባ ሥራ ሥራ። ካንዴላ፣ ባትሪ፣ የአየር ማጣሪያ ሁሉም ከላይ የሚሠሩ ናቸው።

ብሎኬት ላይ መኪና እንዳታሳርፍ። ይህን አደራ እልሃለሁ። ብሎኬት እንደ እንጨት ተንቋቁቶ አያስጠነቅቅም፤ በአንድ ጊዜ ይፈረካከሳል። ድንጋይ መደርደርም ያው ነው። ስታንድ ከሌለህ ወፍራም ደረቅ ግንዲላ አንዱን በአንዱ ላይ አጣልፈህ መደርደር ይሻላል። ግቢህ አፈር ከሆነ ደግሞ ከስታንዱ እግር ስር ሰፊ ጣውላ ወይም ወፍራም ላሜራ አንጥፍ። ክረምት ላይ የደሴ አፈር ቅቤ ነው፤ የስታንዱን እግር ይውጠዋል።

ስታንዱን የምታስቀምጥበትን ቦታ አትገምት። በበሮቹ ስር የሚሄደውን የብረት ጠርዝ በእጅህ ዳብሰው። ከፊት ጎማ ኋላና ከኋላ ጎማ ፊት ሁለት ሁለት ትናንሽ ስርጉዶች ታገኛለህ። በስርጉዶቹ መካከል ያለው ብረት የተጠናከረ ነው። እሱ ላይ አሳርፋት። ከዚያ ስሯ ከመግባትህ በፊት ትከሻህን ሰጥተህ ገፋ ገፋ አድርጋት። የምትወድቅ ከሆነ አንተ ውጭ ሳለህ ትውደቅ።

አሁን ወደ ሳጥኑ እንሂድ። 216 የሚለው ቁጥር ዓይን ይስባል። ባለሱቁን ክፈትልኝ በለውና ውስጡን ተመልከት። ብዙው የካቻቢቴ ጫፍ፣ ጥቃቅን ቡሶላ (ብሎን ራስ ላይ ተሰክቶ በእጀታ የሚዞረው) እና የኤል ቅርጽ ያላት ቁልፍ ነው። አንተ ቪትዝ ላይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠቀምባቸው ሃያ አምስት፣ ቢበዛ ሠላሳ ፍሬዎች ናቸው። እነዚያን ሠላሳ በሳጥኑ ገንዘብ ብትገዛ የአንዱ ጥራት ሌላ ይሆናል።

ቶዮታ ላይ በብዛት የምታገኘው 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ነው። ለጎማ 21። አልፎ አልፎ 8። 13፣ 15 እና 18 የአውሮፓ መኪና ቁጥሮች ናቸው፤ አሁን አሁን የሚገቡት የቻይና መኪኖችም ይዘዋቸዋል። ልዩነቱ ከብሎኑ ራስ ነው የሚመጣው። 8 ሚሊ ውፍረት ያለውን ብሎን ጃፓኖች ራሱን 12 ያደርጉታል፤ አውሮፓዎቹ 13። ባለ 10 ሚሊውን ጃፓን 14፣ አውሮፓ 16 ወይም 17 ያደርጉታል። 16 ቡሶላ አንተን የሚያስፈልግህ ለካንዴላ ነው። እሱም ረጅሙ፣ ውስጡ ጎሚኒ ወይም ማግኔት ያለው ይሁን። ካንዴላው ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ስለሆነ አንቆ ይዞ ካልወጣ ትቸገራለህ።

ቡሶላ ስትገዛ ውስጡን እይ። ባለ 6 ጎን አለ፣ ባለ 12 ጎን አለ። ባለ 12ቱ በጠባብ ቦታ ቶሎ ይገባል፤ ግን ብሎኑን የሚይዘው ጥጉን ነው። ባለ 6ቱ የብሎኑን ሰፊ ጎን ይይዛል። ለቤት ጋራዥ ባለ 6 ጎኑን ውሰድ።

ይህ እንዴት እንደሚለይ አንድ ቀን ያየሁትን ልንገርህ። አንድ ወጣት ኮሮላ ይዞ መጣ። ዘይት ሊቀይር ሞክሮ አልሆነለትም። ከስር ገብቼ ባትሪዬን አበራሁ። የዘይት ማፍሰሻው ብሎን ራስ 14 ነው። ስድስቱም ጥግ ተልጧል። ዙሪያውን ጸጉር የሚያህል የሚያብረቀርቅ የብረት ፍቅፋቂ ተጣብቆበታል። የራሱን ቡሶላ አምጣ አልኩት፤ ከሳጥን የወጣ አዲስ ባለ 12 ጎን ነው። አዲስ ብሎን ላይ ሰክቼ በሁለት ጣቴ ዞር ዞር ሳደርገው ይወላገዳል። ውስጡ ሰፍቷል ማለት ነው። ልጁ ጥፋት የለበትም፤ ዕቃው ነው የከዳው። እኔ ያወጣሁለት በ13 ባለ 6 ጎን ቡሶላ ነው። በመዶሻ መትቼ የተላጠው ራስ ላይ አስገባሁትና በረጅም እጀታ ቀስ ብዬ ፈታሁት። የጃፓን መኪና ላይ 13 የጠቀመኝ እንዲህ ባለ ቀን ብቻ ነው።

ስለዚህ ሱቅ ስትሄድ አዲስ የ10፣ የ12 እና የ14 ብሎን ኪስህ ውስጥ ይዘህ ሂድ። ቡሶላውን ስካበት። እንደ ጓንት ልክክ ካለ ጥሩ ነው። ከተወላገደ መልሰው። የቡሶላውን ግድግዳ ዙሪያውን እይ፤ አንዱ ወገን ወፍሮ ሌላው ከቀጠነ አይሆንም። «ክሮም ቫናዲየም» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ዋስ አይደለም፤ ማንም ያትመዋል።

እጀታውን፣ ማለትም ክር ክር እያለ የሚዞረውን፣ ጆሮህ አጠገብ አድርገህ አዙረው። ጥርሱ በዛ ያለውን ምረጥ። 72 ጥርስ ያለው በየ5 ዲግሪው ይይዛል። 24 ጥርስ ያለው 15 ዲግሪ መሄድ አለበት። ሰፊ ቦታ ላይ ይህ ምንም አይደለም። ከሞተሩ ኋላ እጅህ በማይዞርበት ቦታ ግን ሥራው መሠራቱና አለመሠራቱ በዚያ ይወሰናል። በመጠን ሦስት ዓይነት አለ፤ ሩብ ኢንች፣ ሦስት ስምንተኛ ኢንች እና ግማሽ ኢንች። አንድ ብቻ ልትገዛ ከሆነ ሦስት ስምንተኛውን ከአጭርና ከረጅም ማስረዘሚያ ጋር ግዛ። ለጎማና ለጠነከረ ብሎን ግማሽ ኢንች የሆነ፣ የማይንቀረቀር ረጅም ማላቀቂያ እጀታ ለብቻው ያዝ። የጠነከረ ብሎን በሚንቀረቀረው እጀታ ላይ ቧንቧ ሰክተህ ከታገልክ ጥርሱን ትበላዋለህ።

ቁልፎቹን፣ አንዱ ጫፍ ክፍት ሌላው ቀለበት የሆኑትን፣ ከ8 እስከ 19 ውሰድ። 10፣ 12 እና 14ን ሁለት ሁለት አድርጋቸው። ብሎኑን ከዚህ ስትፈታ ዳዶውን ከዚያ የሚይዝ ያስፈልግሃል። 10 ደግሞ የባትሪው ካቦ ነው፣ የባምፐሩ ነው፣ የየሽፋኑ ነው፤ ከሁሉም ቶሎ የሚጠፋውም እሱ ነው። ሁልጊዜ ትርፍ ይኑርህ። በቀለበቱ ፍታ፣ በክፍቱ አፍ አፍጥን። የሚሰፋ የሚጠበበውን ቁልፍ ለቧንቧ ሠራተኛ ተውለት።

ካቻቢቴ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። የጃፓን መኪና ላይ ያለችው መስቀለኛ ብሎን እኛ ሱቅ ከምናገኘው መስቀለኛ ካቻቢቴ ጋር በትክክል አይገጥምም። ፊሊፕስ የሚባለው ጫፉ ትንሽ የተለየ ስለሆነ ስታጠብቅበት እየተንሸራተተ ይወጣል፤ መስቀሉንም ይልጠዋል። ጃፓኖቹ ጂአይኤስ የሚባል የራሳቸው ልክ አላቸው። ብዙ ጊዜ የብሎኑ ራስ ላይ አንዲት ነጥብ ታያለህ፤ ምልክቷ እሷ ናት። የድሮ ቶዮታ ዲኤክስ ካርቡሬተር የፈታ ሰው የዚህን ጣጣ ያውቀዋል። የጂአይኤስ ካቻቢቴ ካገኘህ ያለምንም ክርክር ግዛው። ካላገኘህ በሙሉ ሰውነትህ ተጭነህ ቀስ ብለህ አዙር።

ከዚህ ሌላ አንድ ፒንሳ፣ አፈ ቀጭን ፒንሳ፣ ግማሽ ኪሎ መዶሻ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ በግንባር የሚታሰር መብራትና የዓይን መነጽር። መነጽሩን እንደ ትርፍ ነገር አትየው። ከመኪና ስር ተኝተህ ስታንኳኳ ዝገቱ የሚወርደው ቀጥታ ዓይንህ ውስጥ ነው።

ስላገለገለ ዕቃ ጠይቀሃል። ያዋጣል፤ እንደውም እኔ የምወደው እሱን ነው። ወሎ በዚህ የታደለ አገር ነው። የአሰብ መንገድ በኮምቦልቻና በባቲ በኩል ነበር የሚያልፈው። እስከ 1990 ድረስ የአገሩ ጭነት ብዙው በዚህ ወርዶ በዚህ ይወጣ ነበር። ከኤንትሬ ፊያትና ከኢፋ የጭነት መኪኖች ጋር የመጡ የጣሊያንና የጀርመን ቁልፎች ዛሬም በየአሮጌው ጋራዥ ጥግ፣ በየጡረተኛው ሾፌር ቤት አሉ። ክሪክ፣ ብሎን፣ ዳዶ፣ ካቻቢቴ እያልን የምንጠራቸው ስሞች ራሳቸው ከጣሊያን የመጡ ናቸው። እኔ እስካሁን የምሠራበት 19 ቁልፍ የኤንትሬ ሾፌር ከነበሩ አዛውንት የገዛሁት ነው። እጀታው በመዳፍ ብዛት ልሟል። አፉ ግን አልተከፈተም።

ያገለገለ ስትገዛ ዝገት አያስፈራህ። የላይ ዝገት በነጭ ጋዝ አድሮ በሽቦ ብሩሽ ይለቃል። የሚያስፈራው ሌላ ነው። የቁልፉን ክፍት አፍ ብርሃን ላይ አቅንተህ እይ፤ ሁለቱ ከንፈሮች እኩል መቆም አለባቸው። ጫፉ ላይ ከሰፋ ጥለኸው ሂድ። ብየዳ ያረፈበትን አትግዛ፤ ብየዳው የብረቱን ጥንካሬ አጥፍቶታል። ጥርጣሬ ካለህ ትንሽ ሞረድ ያዝና ከዳር ነካ አድርገው። ጥሩ ብረት ሞረዱን ይቋቋመዋል፤ ለስላሳ ብረት በቀላሉ ይፋቃል። አዲስ አበባ ከሄድክ መርካቶ ምናለሽ ተራ ግማሽ ቀን መድብ። ለመኪናው መለዋወጫ ደግሞ ሶማሌ ተራ። ብሎኖችህን እዚያም ይዘህ ሂድ።

ያገለገለ ክሪክና ያገለገለ ስታንድ ግን አትግዛ። ምን ተሸክሞ እንደኖረ አታውቅም።

ቀጥሎ የቶርክ ቁልፍ ነው፤ የምታጠብቀውን ኃይል ለክቶ «ቀጭ» የሚለው። ብዙ ጓደኞቼ እጄ ያውቀዋል ይላሉ። እጅ በጊዜ ብዛት ይለምዳል፤ አንተ ግን ገና ነህ። የቪትዝ የጎማ ዳዶ 103 ኒውተን ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር በሆነ እጀታ ጫፍ ላይ 21 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ሰዉ ግን እጀታው ላይ ቆሞ ይረግጠዋል። ከዚያ በኋላ ሌሊት ሐረጎ ላይ፣ ወደ ኮምቦልቻ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ጎማ ሲፈነዳ ዳዶው አልፈታም ይላል፤ ወይም ብሎኑ ተበጥሶ እጁ ላይ ይቀራል። የዘይት ማፍሰሻው ከዚህ በጣም ያንሳል፤ አብዛኛው ቶዮታ ላይ 37 ገደማ ነው። 25 ሳንቲ ሜትር በሆነ እጀታ 15 ኪሎ። ካንዴላ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው። ቴስታታው፣ ማለትም ካንዴላው የሚገባበት የሞተሩ ራስ፣ አሉሚኒየም ስለሆነ ካንዴላውን መጀመሪያ በእጅህ፣ ያለ እጀታ፣ ብዙ ዙር አስገባው። ገና ከመጀመሪያው ከጠነከረብህ ጥርሱ ተጣሟል፤ አውጣና እንደገና ጀምር። የተበላ የቴስታታ ጥርስ በገንዘብም በልብም ያስከፍላል።

የቶርክ ቁልፍ ለማጥበቅ ብቻ ነው። አትፍታበት። ሥራ ስትጨርስ ልኬቱን ወደ ዝቅተኛው መልሰህ አስቀምጠው፤ ውስጡ ያለው ሞላ ተጨንቆ ካደረ ይዋሻል።

ፍሬኑን ራስህ ትሠራለህ ብለሃል። ትችላለህ። ግን መጀመሪያ ሁለት ሦስቴ ዘይት ቀይር፣ ጎማ አውርድ፣ እጅህ ይላመድ። የምትኖረው ደሴ ነው። ወደ ኮምቦልቻ ስትወርድ በ25 ኪሎ ሜትር ውስጥ 600 ሜትር ያህል ቁልቁል ነው የምትወርደው። ሐረጎ ላይ ፍሬን ይግላል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን ከ205 ዲግሪ በታች አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ ግን 140 አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ሲፈላ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሆናል። ስለዚህ ተከፍቶ የከረመ ጠርሙስ አትጠቀም።

የኋላው ከበሮ ተጣብቆ አልወጣም ካለህ በመዶሻ አትደብድበው። ፊቱ ላይ ሁለት ትናንሽ ጥርስ ያላቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሁለት ባለ 8 ሚሊ ብሎን፣ ራሳቸው 12 የሆነ፣ አስገብተህ እያፈራረቅህ አጥብቅ። ከበሮው ራሱ እየተገፋ ይወጣል። እነዚያን ሁለት ብሎኖች ሳጥንህ ውስጥ ለዘላለም አኑራቸው። የሸራውን ዱቄት ደግሞ በአየር አትንፋው፤ ሳንባ ውስጥ ይገባል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረገው። ሥራው ሲያልቅ ሞተር ከማስነሳትህ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግመህ ርገጥ። የመጀመሪያውን ሙከራ ሜዳ ላይ፣ በእግር ፍጥነት አድርግ። ሐረጎን የምትወርደው ከቀናት በኋላ ነው።

ለኤሌክትሪኩ አንድ ርካሽ ቴስተር በቂ ነው። ያደረ ባትሪ 12.6 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው። 12.0 አካባቢ ከሆነ ሊያልቅ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 ከሆነ ዲናሞው እየሞላ ነው። ይህን ብቻ አውቀህ ያለ አግባብ ባትሪ ከመግዛት ትድናለህ። ባትሪ ስትፈታ ኔጌቲቩን አስቀድም፤ ስትገጥም መጨረሻ አድርገው። የመኪናዋን ኮምፒውተር በስልክ የሚያስነብበውን የኦቢዲ መሰኪያ ለመግዛት ግን አትቸኩል። የአንተ ዓይነት በቀጥታ ለጃፓን ገበያ የተሠሩ ቆየት ያሉ መኪኖች ሶኬቱ እያላቸው ከርካሹ መሰኪያ ጋር የማይነጋገሩ አሉ። ከሰው ተውሰህ ሞክር፤ ካነበበልህ ግዛ።

የማትገዛቸውም አሉ። ኮምፕረሰር ይቆይህ። የአሞርዛተር ሞላ መጭመቂያ አትግዛ፤ የተጨመቀ ሞላ ካመለጠ ሰው ይገድላል፤ ያንን ሥራ ጋራዥ ውሰደው። የኩሽኔታ (የቤሪንግ) ማውጫና የመሳሰለው ደግሞ በሦስት ዓመት አንዴ የሚያስፈልግ ነው። ለዚህ የምመክርህ የዕቃ ወንፈል ነው። ሰፈርህ ውስጥ ቪትዝ ያላቸው ሦስት አራት ሰዎች አይጠፉም። አንዱ ማውጫውን ይግዛ፣ አንዱ የቶርክ ቁልፉን፣ አንዱ ቴስተሩን። ማን ምን እንደወሰደ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ይኑራችሁ። እኛ ከጎረቤት ጋራዦች ጋር ዓመታት እንዲህ ኖረናል። የተጣላነው ደብተሩን ከተውንበት ወር ላይ ብቻ ነው።

የደሴ ጉም ብረት ይበላል። ማታ ዕቃህን ስትሰበስብ ዘይት በነካ ጨርቅ አንድ ጊዜ አብሰው። ከሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድረው። የአሮጌ የጥይት ሳጥን ወይም ከላሜራ የተበየደ ሳጥን ከፕላስቲኩ ይሻላል። የተቃጠለውን ዘይት በጀሪካን አጠራቅመህ ወደ ጋራዥ ውሰደው። ቦይ ውስጥ ከደፋኸው ቦርከና ወንዝ ነው የሚገባው፤ እኛ ደግሞ ከታች ነን።

የመጀመሪያው ቅዳሜህ የዘይት ይሁን። የዘይት ማጣሪያውን ማውጫ አስቀድመህ ያዝ። ብዙው የቶዮታ ፊልትሮ ባለ 14 ጎን፣ 65 ሚሊ የሆነ ቆብ ይገጥመዋል፤ አሮጌውን ፊልትሮ ወይም አዲሱን ይዘህ ሱቅ ሄደህ ለካበት። ሞተሩ ለብ ብሎ ይሁን፣ ትኩስ አይሁን። ማፍሰሻውን ከመክፈትህ በፊት መጀመሪያ ፊልትሮውን ላላ አድርገህ ሞክረው። እምቢ ካለህ አትታገለው። ዘይቷ ውስጧ እንዳለ ከስታንዱ አውርዳትና ጻፍልኝ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ ቅርብ ነው፣ መኪናዋም እየነዳሃት ትመጣለህ።